ቮልስህ ሲሞቅ ይጠፋል? ካርቡሬተሩን ተወውና ኮንደንሰሩን እይ

ባትሪው ደህና ነው፣ ቤንዚን አለ፣ ካንዴላው ንጹህ ነው፣ ቫልቩን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊ አድርገህ ለክተሃል። እነዚህን አይተሃቸዋል ብዬ ልለፍ። የምጽፈው አሮጌ ቮልስ ገዝቶ እያደሰ ላለ፣ ኪሱ ግን ጀርመን ድረስ ለማይደርስ ሰው ነው።

ዕቃ ጠፋ የሚሉህን አትስማ። ጀርመን ሴዳኑን መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ሜክሲኮ ፑዌብላ ግን እስከ 2003 ድረስ ስትሠራ ነበር። ሶማሌ ተራ ብትዞር የሆነ ነገር አታጣም። ችግሩ ያገኘኸው ነገር ምን እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው።

አሁን ደጋግሜ ወደማየው ብልሽት። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ቆንጆ ትሄዳለች። ከዚያ ዳገት ላይ ትቆራረጥና ትጠፋለች። ሞቶሪኖ ብትመታ ብትመታ ወይ ፍንክች። ማኪያቶህን ጠጥተህ ስትመለስ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

መንገድ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ «ቤንዚን ነው» ይልሃል። አንዱ ፖምፓ ቀይር ይላል፣ ሌላው ካርቡሬተር። ትንሽ ያነበበው ደግሞ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል ይላል። እሱ እንኳ እውነት አለው። ለቆላ የተሠራ ጂግለር (ቤንዚኑን የሚለካው የካርቡሬተሩ ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጭስ ያጠቁራል። ግን በዚህ ምክንያት መኪና ግማሽ ሰዓት ሄዳ አትጠፋም፣ ማኪያቶ እስኪጠጣም ጠብቃ አትድንም።

አንድ ጋሼ ነበሩ። ካርቡሬተር ቀየሩ፣ ፖምፓ ቀየሩ፣ ሳልቫታዮ አሳጠቡ። ቮልሷ ግን ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ፣ አንድ ባሕር ዛፍ አጠገብ ስትደርስ ትጠፋለች። ሁሌ እዚያው። «አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪና ከዚህ ዛፍ ጋር ምን አላት?» አሉኝ። ምንም የላትም። ከቤታቸው ተነስታ በደንብ የምትሞቀው እዚያ ስትደርስ ነው። ያወጡት ገንዘብ ሌላ ግማሽ ሞተር ይገዛ ነበር። የቀየርኩላቸው የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ኮንደንሰር ናት፣ የካንዴላው እሳት ጠንካራ እንዲሆን የምታግዝ ዕቃ።

እንዴት ትለያለህ? እንደጠፋች፣ ሳትቀዘቅዝ፣ የአየር ፊልትሩን አንሳና በካርቡሬተሩ አፍ ወደ ውስጥ እያየህ የቤንዚን መስጫውን በእጅህ ሳብ። ቤንዚን ከረጨ የነዳጁን ወሬ እዚያው ዝጋው። ሲጋራ አፍህ ላይ ይዘህ ደግሞ እንዳታደርገው፣ ሲያደርግ ያየሁት ሰው አለ። ቀጥለህ ከኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ከፍ ከሚያደርገው) የሚመጣውን መሐለኛ ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው) ነቅለህ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሴንቲ አርቀው። በእጅህ አትያዘው፣ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዝ፣ ከካርቡሬተሩም ራቅ። ጓደኛህ ሞቶሪኖ ይምታ። ሰማያዊ ሆኖ ጠጭ ጠጭ ካለ ደህና ነው። ቢጫ፣ ቀጭን፣ አንዴ መጣ አንዴ ቀረ ከሆነ ኮንደንሰሩ ወይም ኮይሉ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮንደንሰሩ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተህ ኮንታክት ፖይንቱን፣ የኮይሉን ኮረንቲ የሚከፍትና የሚዘጋውን፣ እይ። ፊቱ ጠቁሮና ተቃጥሎ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጎን ጉድጓድ ሌላው ጉብታ ካወጣ ኮንደንሰሩ ሥራውን እየሠራ አይደለም።

አሁን የሚያናድደኝ ላይ ደረስን። «አዲስ እኮ ነው የቀየርኩት!» ይሉኛል። አዲስ መሆኑ ነው እኮ ችግሩ! የታወቀ ስም በካርቶኑ ላይ ታትሞ ውስጡ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ኮንደንሰር ሞልቷል። አንድ ቀን አምስት ገዝቼ በቴስተር ለካሁ። ሲቀዘቅዙ አምስቱም ደህና ናቸው። ቆርቆሮ ላይ አድርጌ ከሰል አጠገብ ሞቅ ሳደርጋቸው ሁለቱ ዜሮ ገቡ። ሻጩ «ከሰል ላይ ማን ኮንደንሰር ይጠብሳል?» ብሎ ሳቀብኝ። ሞተሩ ምን የሚያደርገው መስሎት ነው?

ርካሹ መፍትሄ ይኸውልህ። ኮንደንሰር የቮልስ መሆን የለበትም። ፖይንት ያለው ማንኛውም የ12 ቮልት መኪና ኮንደንሰር ይሠራል፣ የላዳም፣ የፔጆ 404ም፣ የድሮ ኮሮላም። ልኩ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ከሆነ በቂ ነው። ከቆመ ላዳ ላይ የተፈታ ያገለገለ ኦርጅናል፣ ከካርቶን ከወጣው አዲስ ይልቅ አምነዋለሁ። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ የመያዣው ቀዳዳ ካልገጠመ አትታገል፣ ኮይሉ አጠገብ በብሎን እሰረው። ቀለሙን ፍቀህ ብረት ከብረት ይንካ፣ ገመዱ አጭር ይሁን፣ ኮይሉ ላይ 1 ቁጥር ወደተጻፈበት ጫፍ ግባ። እንዲያውም ከሙቀቱ ስለራቀ ዕድሜው ይረዝማል። ፖይንቱን ቀይረህ 0.4 ሚሊ ክፈተው፣ ከዚያ ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) እንደገና እይ።

ኮይል ላይ ግን ይህ ነጻነት የለህም። ብዙ የጃፓን ኮይሎች ከውጭ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚቀንስ ዕቃ፣ ይፈልጋሉ። ሽቦዎቹን ነቅለህ ኮይሉ ላይ 15 እና 1 በተጻፈባቸው ጫፎች መካከል ለካ፣ 3 ኦም አካባቢ ከሆነ ይሆንሃል። 1.5 ከሆነ ያለ ሬዚስታንስ እንዳትገጥመው፣ ፖይንትህን በሳምንት ይበላዋል፣ አንተም እንደገና ኮንደንሰሩን ትረግማለህ። በሰርግ ቀን የጠፋች ቮልስ ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ሙሽራዋ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ሚዜዎቹ በሱፍ እየገፉ ነው። ባለመኪናው ከሌላ መኪና የተፈታ ኮይል በርካሽ አግኝቶ ገጥሞ ነበር። በዚያ ላይ ሙሽሮቹን ሲጠብቅ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ግን ከፍቶ ሬዲዮ ሲሰማ ቆይቷል። ሞተር ሳይሠራ ቁልፍ ከፍተህ አትቀመጥ! ፖይንቱ ተዘግቶ ከቆመ ኮይሉ እንደ ምጣድ ይግላል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የወጡት ብዙዎቹ 6 ቮልት ናቸው፣ ኮይል ከመግዛትህ በፊት የራስህ የትኛው እንደሆነ እይ። ፍሪሲዮን ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የገመዱን ቱቦ እይ፣ ከ2.5 እስከ 4.5 ሴንቲ መጉበጥ አለበት። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ቮልስ አለህ።

የፕላስቲክ ቤንዚን ፊልትሮ በፖምፓውና በካርቡሬተሩ መካከል፣ ዲስትሪቢዩተሩ አናት ላይ የሰቀልክ ሰውዬ፣ ዛሬውኑ አውርደው። ሞተሩን ወደ ጎን ትተህ ታች ሳልቫታዮው በኩል ግጠመው። የቮልስ ሞተር አካሉ ማግኒዥየም ያለበት ብረት ነው። አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ብትደፋበት ይብስበታል። ያንን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦም ጣለው፣ ሲሞቅ ይደርቅና ከጫፉ ይሰነጠቃል። የቤንዚን ጎማ በሜትር ገዝተህ በክላምፕ እሰር።

ለፍሬን ጎማና ለፍሬን ፖምፓ ደግሞ የላዳ ይሆናል ወይ ብለህ አትጠይቀኝ። ገንዘቡ እስኪሞላ መኪናዋ ግቢ ትቁም።