ማማ ላይ ለምትወጡ

ወሎ ውስጥ፣ ቆቦም ሆነ ቃሉ ወረዳ፣ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ መዋል ይጀመራል። ወፍ ከመጠበቃችሁ በፊት ግን ማማውን ራሱን እዩት።

የአምናውን እንጨት አትመኑት። ምስጥ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። እግሩ መሬት የሚገባበት ቦታ ላይ በቢላ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቢላው ዘው ብሎ ከገባ ቀይሩት። ማሰሪያውም ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የከረመ ስለሆነ በአዲስ ገመድ እሰሩት።

ስትወጡም ስትወርዱም እጃችሁ ባዶ ይሁን። ወንጭፉን፣ ድንጋዩንና ውሃውን ከረጢት ውስጥ ከታችሁ፣ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ በገመድ ሳቡት። ጠዋት ጤዛ አለ፤ ኮንጎ ጫማ ደግሞ ክፉኛ ያንሸራትታል።

ወንጭፍ ሲወረወር ሰውነት አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ዙሪያውን ወገብ ላይ የሚደርስ አግዳሚ እሰሩበት። ጠባቂዎቹ ልጆች ከሆኑ አግዳሚው በደረታቸው ልክ ይሁን፣ ከሥር ደግሞ ሌላ ጨምሩበት። እባካችሁ ይሄን ለነገ አትበሉት።

ሰው ከወደቀ ጎትታችሁ አታስነሱት። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱን ደግፋችሁ፣ ሳታጣምሙት፣ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።