ሊኑክስ አላስገባ ሲል፦ ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ፓስወርድ አልቀበል ስላለ ብቻ ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ የሰው ፋይል ማጥፋት ነው። ማሽኑ ደሴ ያለ የትምህርት ቤት ላብ ውስጥም ይሁን ወልድያ ያለ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት፣ መጀመሪያ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ፓስወርዱን ከነጭራሹ አልቀበልም ያለው፣ ወይስ ተቀብሎ መልሶ የሚያስወጣዎት? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ጽፈናል፤ ሲተይቡ በእንግሊዝኛ ትንሹ ፊደል ይሁን። የተጠቃሚውን ስም ሰይድ እንበለው።

ለመለየት ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ይጫኑ። ጥቁር ስክሪን መጥቶ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። እዚህ ፓስወርድ ሲጻፍ ነጥብም ኮከብም አይታይም፤ ኪቦርዱ አልሠራም ብለው አይተዉት፣ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ካስገባዎት ፓስወርዱ ትክክል ነው።

እዚህ እየገቡ ዴስክቶፑ ግን «ተሳስቷል» ካለ ኪቦርዱን ይጠርጥሩ። የአማርኛ ኪቦርድ የተጫነበት ማሽን ላይ ቋንቋው እንደተቀየረ ሊቀር ይችላል፤ ጽሑፉ በነጥብ ስለሚሸፈን አይታወቅም። ከላይ በስተቀኝ ያለውን የቋንቋ ምልክት አይተው፣ ሱፐርና ስፔስን ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ካፕስ ሎክንም ይዩ።

ተቀብሎ፣ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ፣ ወደ መግቢያው የሚመልስ ከሆነ ፓስወርድ መቀየር ምንም አይፈይድም። በኤፍ3 በኩል ይግቡና «ዲኤፍ ዳሽ ኤች» ብለው ይጻፉ። በስላሽ ብቻ የተመለከተው መስመር 100% ካለ ዴስክቶፑ ሲነሳ ፋይሎቹን የሚጽፍበት ቦታ አጥቷል፤ «ሱዶ ኤፒቲ ክሊን» የተወሰነ ያስለቅቃል (ሱዶ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል)። ዲስኩ ካልሞላ «ኤልኤስ ዳሽ ኤልኤ» ብለው «ነጥብ ኤክስኦውቶሪቲ» የሚባለውን ስውር ፋይል ይፈልጉ፤ ኤክሷ ብቻ ትልቅ ፊደል ናት። ባለቤቱ ሰይድ መሆን ሲገባው ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሆኖ ከተገኘ አንድ ሰው የዴስክቶፕ ፕሮግራም በሱዶ ከፍቶ ነበር ማለት ነው። «ሱዶ ቻውን ሰይድ» ብለው የፋይሉን ስም ያስከትሉ፤ ባለቤትነቱ ይመለሳል።

ችግሩ የጀመረው መብራት ድንገት ከሄደ በኋላ ከሆነ ፋይል ሲስተሙ ተጎድቶ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ይሆናል። ሪከቨሪ ሜኑ ውስጥ (አከፋፈቱ ከታች አለ) ያለውን «ኤፍኤስሲኬ» የተባለ የዲስክ መጠገኛ ያስኪዱ። ሰዓቱንም ይዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር የስልክ ኮድ የሚጠይቅ መግቢያ ደግሞ ያኔ ትክክለኛውን ኮድ እንኳ አይቀበልም።

በዴስክቶፑም በኤፍ3ም በኩል ከከለከለ ሱዶ ባለው ሌላ አካውንት ይግቡና «ሱዶ ፓስውድ ዳሽ ኤስ ሰይድ» ይበሉ፤ ትዕዛዙ ፓስወርድ ከሚለው ቃል ኦና አር ወጥተው የሚጻፍ ነው፣ ኤሷም ትልቅ ፊደል ናት። ከስሙ ቀጥሎ ኤል ካለ አካውንቱ ተቆልፏል፤ በ«ዳሽ ዩ» ይከፈታል። ፌይልሎክ (የተሳሳተ ሙከራ ቆጥሮ አካውንት የሚዘጋ) የበራበት ሲስተም ላይ ደግሞ መደበኛው ልኬት በ15 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ለ10 ደቂቃ ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ትክክለኛውም ፓስወርድ አይሠራም። ደጋግሞ መሞከሩን ትተው ይጠብቁ።

ሌላ አካውንት ከሌለ ማሽኑ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭነው ሪከቨሪ ሞድ፣ ከዚያ ሩት የሚለውን ይምረጡ። ዲስኩን «ማውንት ዳሽ ኦ ሪማውንት ኮማ አርደብሊው ስላሽ» ብለው ለጽሕፈት ይክፈቱና (ከስላሹ በፊት ክፍተት አለ) «ፓስውድ ሰይድ» ብለው አዲስ ይስጡት። የመጀመሪያው እርምጃ ከተዘለለ ለውጡ አይጻፍም። ዲስኩ ኢንክሪፕት የተደረገ ከሆነ ግን የዲስኩ የራሱ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ በዚህ መንገድ አይታለፍም።

ደሴ ተቀምጠው ኮምቦልቻ ያለ ሰርቨር ውስጥ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ቁልፍ ለመግባት ሲሉ ከከለከለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ፈቃድ ላይ ነው። የ«ነጥብ ኤስኤስኤች» ማህደር 700፣ ውስጡ ያለው የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል 600 ይሁን (ሁለቱም ለባለቤቱ ብቻ ማለት ናቸው)፤ የቤት ማህደሩንም ከባለቤቱ በቀር ማንም መጻፍ አይቻለው።

የፓም (የመግቢያ ማረጋገጫ ሥርዓቱ) ፋይሎችን መንካት ግድ ከሆነ ሩት ሆኖ የተከፈተ አንድ ተርሚናል ሳይዘጉ ያቆዩ፤ በሌላኛው ገብተው እስኪያረጋግጡ ድረስ እንዳይዘጉት።