«ፎል»፦ በጢስ ዓባይና በጣና ለሚያስጎበኙ የአንድ ቃል አያያዝ

ባሕር ዳር ላይ በእንግሊዝኛ የሚያስጎበኝ ሰው «ፎል»ን ሳይጠራ አይውልም። ፏፏቴው «ፎልስ» ነው፤ መውደቅ «ፎል» ነው፤ የዋጋ መቀነስም፣ የሌሊት መግባትም በዚሁ ቃል ይነገራል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው አማርኛው «ወደቀ» ባለበት ቦታ ሁሉ «ፎል»ን ከመክተት ነው።

አነጋገሩን በቅድሚያ። «ፎ» ሳብ ተደርጎ ይነገራል፤ ካጠረና ወደ «ፉል» ከተጠጋ «ሙሉ» ማለት ይሆናል። ያለፈው ጊዜ «ፌል» ነው፤ ከ«ሃቭ» ወይም ከ«ሃዝ» ጋር ሲሆን «ፎለን»። «ፎልድ» ማጠፍ ነው። «ፌልት» ደግሞ «ተሰማኝ» ማለት ስለሆነ፣ ወድቆ የተነሣ ሰው «አይ ፌልት ዳውን» አይልም፤ «አይ ፌል ዳውን» ይላል።

ትልቁ ችግር ያለው ተሳቢው ላይ ነው። «ፎል» ኢተሻጋሪ ግስ ነው፤ ራስ ይወድቃል እንጂ ሌላ ነገር አይጥልም። እንግዳዋ ካሜራዋን አንጠልጥላ ወደ ገደሉ ጫፍ ስትጠጋ «ዶንት ፎል ዩር ካሜራ» ቢሏት ስህተት ነው፤ ለመጣል ቃሉ «ድሮፕ» ነው፦ «ዶንት ድሮፕ ዩር ካሜራ»። «ስልኬ ወደቀብኝ» የሚለው የባሰ ያሳስታል። «ብኝ»ን ለማምጣት ሲባል «ማይ ፎን ፌል ኦን ሚ» ከተባለ፣ ሰሚው የሚረዳው ስልኩ ከላይ መጥቶ እንዳረፈብዎት ነው። «አይ ድሮፕድ ማይ ፎን» ይበሉ። ፈተና የወደቀ ተማሪም «ፌይልድ» እንጂ «ፌል» አይባልም።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይ «ዘ ብሉ ናይል ፎልስ» ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» መዋጥ የለባትም። ከፍታው ወደ 42 ሜትር ስለሚሆን «ዘ ፎልስ አር አባውት ፎርቲ ቱ ሜተርስ ሃይ» ይባላል፤ «ኢዝ» ሳይሆን «አር»። ስሙን ሳይጠሩ «አንድ ፏፏቴ» ማለት ሲፈልጉ «ኤ ዋተርፎል» ይበሉ። ውሃው ከከፍታ ሲወረወር ለማሳየት «ፕለንጅ» ከ«ፎል» ይልቅ ኃይል አለው።

አሜሪካውያን በልግ ብለን ከምንጠራው ወቅት ጋር የማይገናኘውን፣ በግምት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ «ፎል» ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን «ኦተም»። ስለዚህ «ኢን ዘ ፎል» ወቅቱ ነው፣ «አት ዘ ፎልስ» ፏፏቴው ጋ ነው። «ላስት ፎል» ያለዎት እንግዳ ስለ አደጋ እያወራ አይደለም፤ ያለፈው መጸው ማለቱ ነው። ጊዜው ክረምቱ ወጥቶ ውሃው የሚበዛበት ስለሆነ ቃሉ በጉዞ መልእክቶች ውስጥ ይደጋገማል። በበጋ የሚመጣ ከሆነ ግን አስቀድመው ይንገሩት፦ «ዘ ዋተር ሌቭል ድሮፕስ ኢን ዘ ድራይ ሲዝን»። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫም ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ሊሳሳ ይችላል፤ ይህን ደብቆ መውሰድ ተገቢ አይደለም። የውሃ መጠን ሲቀንስ «ፎል»ም «ድሮፕ»ም ያስኬዳል። በሪፖርት ላይ የጎብኚ ቁጥር መቀነሱን ለመጻፍ «ዲክላይን» ይሻላል፤ ቀስ በቀስ መሆኑን ይጠቁማል።

ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ በጣም የሚያስፈልጉት ከመውደቅ በፊት ያሉት ቃላት ናቸው። ጭቃ ላይ እግር ሲከዳ «ስሊፕ»፣ ድንጋይ ሲያደናቅፍ «ትሪፕ»። ሁለቱም ሳይወድቁ ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ «ዶንት ፎል» ብሎ ከመጮህ «ኬርፉል፣ ኢትስ ስሊፐሪ ሂር» ማለት ይሻላል፤ እንግዳው ምን እንደሚጥለው ያውቃል። እየተንከባለሉ መውረድ «ተምብል» ነው። ሰው በሙቀት ዝሎ ባለበት ቢዘረር ወይም ግንብ ቢደረመስ «ኮላፕስ» ይባላል፤ ስልክ ደውለው እርዳታ ሲጠሩ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፣ የተደናቀፈና ራሱን የሳተ ሰው አንድ ዓይነት እርዳታ አይፈልጉምና።

ሐይቁ ላይ መስተዋድዱን ያስተውሉ። የሞተር ጀልባ ዙሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ሰው ውስጡ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ «ፎል አውት ኦቭ ዘ ቦት»። ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ላይ ግን ከላይ ስለሚቀመጡ «ፎል ኦፍ» ይሆናል። የሚገቡበትን ሲጠሩ «ኢንቱ ዘ ሌክ» ነው። ለሁለቱም የሚሆነው «ፎል ኦቨርቦርድ» ነው፤ የደኅንነት መመሪያ ሲሰጡ እሱን ይጠቀሙ።

«ፎል አስሊፕ» እንቅልፍ ሲወስድ፣ «ፎል ኢል» ሲታመሙ፣ «ፎል ቢሃይንድ» ከጓድ ወደ ኋላ ሲቀሩ ነው። ዘጌ ላይ ሰው ሲንጠባጠብ «ፕሊዝ ዶንት ፎል ቢሃይንድ» ይበቃል። «ፎል ኢን ላቭ» ሲሉ ከኋላው «ዊዝ» ይከተላል፦ «ሺ ፌል ኢን ላቭ ዊዝ ሌክ ጣና»። የታሰበ ጉዞ ሳይሳካ ሲቀር «ዘ ፕላን ፌል ስሩ» ይባላል።

በዓል የሚውልበትን ቀን ለመንገርም «ፎል ኦን» ነው። «ጥምቀት ፎልስ ኦን ጃንዋሪ ናይንቲንስ» ይበሉ፤ በፈረንጆቹ ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚሆንበት) ግን ጃንዋሪ 20 ስለሚሆን፣ ለቡድን ቦታ ከመያዝዎ በፊት ዓመቱን ይመልከቱ።