ፒስተን ተጎድቷል፤ ይመለስ ወይስ ይቀየር?

የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዛችሁ ወደ ደሴ ስትወጡ መኪናው ጉልበት አጥቶ ሰማያዊ ጭስ ከለቀቀ፣ ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ የምትሰሙት «ፒስተን ሄዷል»፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ክፍል ተበላሽቷል፣ የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ሞተር ከመውረዱ በፊት ጭሱ መቼ እንደሚመጣ እዩ። ዳገቱ ላይ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሪንግ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) እና ፒስተን ያደላል። ወደ ኮምቦልቻ በማርሽ ይዛችሁ ወርዳችሁ፣ ነዳጅ ስትረግጡ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ሲል (ዘይት በቫልቩ እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎማ) ነው። ተርቦም (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ዘይት ካሳለፈ ሰማያዊ ጭስ ያመጣል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ስታስለኩ ከፍታውን አትርሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጌጁም እንደዚያው ዝቅ ይላል። «ከማንዋሉ ቁጥር አነሰ» ተብሎ ጤነኛ ሞተር ሲፈታ ያናድደኛል። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ፤ ከሌሎቹ በጣም የወረደ ካለ እሱን ተከታተሉ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ሪንግ ወይም ሲሊንደር ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም የተበሳ ፒስተን ነው።

ፒስተኑ ሲወጣ ካርቦኑን አጽዱ፤ የሪንጉን ቦይ ግን በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉት፣ ይበላዋል። ናፍታ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በጨርቅ አድርቁና የጠመኔ ዱቄት በትኑበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ናፍታ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። አናቱንና የፒኑን (ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያይዘውን ዘንግ) ቀዳዳ ዙሪያ በደንብ እዩ።

የተሰነጠቀ፣ የቀለጠ፣ የተበሳ ወይም በሪንጎቹ መካከል የተሰበረ ፒስተን ይቀየራል፤ ክርክር የለውም። በብየዳ እንደፍነዋለን የሚላችሁን አትስሙ። ጥፍር የማይዘው ጭረት ብቻ ከሆነ ግን በአዲስ ሪንግ ሊመለስ ይችላል፣ ልኩ ከተገኘ። አዲሱን ሪንግ ቦዩ ውስጥ አስገብታችሁ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ለኩ። በላይኛው ቦይ 0.15 ሚሊሜትር ካለፈ በብዙ ሞተር ላይ ፒስተኑ አብቅቷል፤ የመጨረሻውን ቃል ማንዋላችሁ ይናገራል። ወርዱን በማይክሮሜትር ስትለኩ ከፒኑ አቅጣጫ በተሻጋሪው ይሁን። ሲሊንደሩ ከተበላ ወይም ሞላላ ከሆነ ቶርኖ ቤት ሰፍቶ በ0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር የሚተልቅ (ኦቨርሳይዝ) ፒስተን ይገባለታል። ላይነር (ተነቃይ የሲሊንደር ቱቦ) ያለው ሞተር ከሆነ ላይነሩ አብሮ ይቀየራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፒስተኑን ማን ገደለው? በናፍታ ሞተር አናቱ በአንድ ቦታ ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ ኖዝሉ (ናፍታውን የሚረጨው) እያንጠባጠበ ነው። በፒኑ ግራና ቀኝ በአራት ቦታ ከተጋጠ ሞተሩ ሞቋል። በአንድ ጎን ብቻ ከተጋጠ ዘይት አልደረሰውም፣ ወይም ዘይቱ በናፍታ ቀጥኗል። ዙሪያው ሁሉ ደብዝዞ ከተበላ አቧራ ገብቷል፤ ፊልትሮውንና ቱቦዎቹን ፈትሹ።

ለእኛ አገር ሙቀቱ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ካለፈበት፣ በዳገት ጭነት ላይ ውሃው ገና ሳታዩት ይፈላል። ከፒስተን ዋጋ ጋር ስታነጻጽሩት ክዳን ምንም አይደለም፤ ቀይሩት።

አንዱ ብቻ በኖዝል ተቃጥሎ ሌሎቹ ልካቸው ላይ ካሉ አራቱንም መቀየር ግድ አይደለም። አዲሱ ግን ከነባሮቹ ጋር በሚዛን ይመጣጠን፤ አለበለዚያ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ኖዝሎቹ ሁሉ ተፈትሸው ሳይመለሱ ቴስታታው አይታሰር።