ለትልቅ አኳሪየም መቀመጫና ወለል እንዴት እንመርጣለን?

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ምርጫው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም እስከ አፉ ሲሞላ 300 ሊትር ይይዛል። የ10 ሚሊ ሜትር መስታወቱ፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና መቀመጫው ሲጨመሩ ክብደቱ ከ400 ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህ በካሬ ሜትር ሲሰላ ከ650 ኪሎ ያልፋል፤ የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ ግን ለሰውና ለዕቃ የሚታሰብለት ጭነት በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግድም ነው።

ይህ ማለት ወለሉ ወዲያው ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ የተባለው ጭነት መላው ክፍል ላይ እንደተዘረጋ ተቆጥሮ የሚታሰብ በመሆኑ ወሳኙ ነገር አኳሪየሙ የሚቆምበት ቦታ ነው። በደንብ በተጠቀጠቀ አፈር ላይ የተሞላ የምድር ቤት ኮንክሪት ብዙም አያሳስብም። ፎቅ ላይ ከሆነ ግን ከክፍሉ መሃል ርቆ፣ ምሰሶና ቢም (ወለሉን የሚሸከመው አግድም ተሸካሚ) አጠገብ መቆም አለበት። እንደ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ወለሉ በተገጣጣሚ ቢምና በብሎኬት የተሠራ ከሆነ፣ የአኳሪየሙ ርዝመት ቢሞቹን አቋርጦ ቢያርፍ ክብደቱ ለብዙዎቹ ይከፋፈላል፤ ለጣውላ ወለል ወራጆችም ደንቡ ይኸው ነው። በረንዳ ላይ ፈጽሞ አያቁሙት። ሰው ሲራመድ የቁም ሣጥን ብርጭቆ የሚንጫጫበት ወይም ስንጥቅ የሚታይበት ወለል ከሆነ፣ ሳይሞሉት በፊት የስትራክቸር መሐንዲስ ያማክሩ።

ለመቀመጫ እኔ የምመርጠው በቱቦላሬ የተበየደውን ነው። የላይኛው ፍሬም ከአኳሪየሙ መሠረት ጋር እኩል መሆን፣ እግሮቹም በቀጥታ ከማዕዘኖቹ ሥር መውረድ ይገባቸዋል። ብየዳውን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ በነጥብ ብቻ የተያዘ መገጣጠሚያ ካለ ሙሉውን እንዲበየድ ያድርጉ። ከኋላ እግሮቹን የሚያስር ሰያፍ ብረት ከሌለው፣ ከላይ የሚመጣውን ክብደት ቢችልም ልጅ ሲደገፍበት ወደ ጎን ሊዘም ይችላል። ችፑድ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥና ስለሚፈረፈር ክብደት ተሸካሚ ሆኖ መግባት የለበትም። እያንዳንዱ እግር 100 ኪሎ ያህል ስለሚሸከም ሴራሚኩን እንዳይሰብር ከሥሩ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ይበየድለት። የመስታወቱ መሠረት በቀጥታ የሚያርፍ ከሆነ ስስ ፎም ይነጠፍለት፤ ዙሪያውን የፕላስቲክ ፍሬም ያለው ግን ፎም አያስፈልገውም።

መስታወትን ከክብደቱ ይልቅ የሚሰብረው መጣመም ነው። ስለዚህ ባዶውን በውሃ ልክ በርዝመትም በወርድም ከለኩ በኋላ ሩቡን ብቻ ይሙሉና ከአፉ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ይለኩ። የራሴን ስለካ በቀኝ በኩል ውሃው በ4 ሚሊ ሜትር ወደ አፉ ቀርቦ አገኘሁት፤ ቀኙ ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። ውሃውን ጨርሼ አውጥቼ ከመቀመጫው የቀኝ እግሮች ሥር ስስ ላሜራ አስገባሁ፤ ከመስታወቱ ሥር ግን ምንም አልሸጎጥኩም። አራቱም ማዕዘን እኩል ሲሆን ቀሪውን በየደረጃው ሞልቼ፣ ዓሣ ከማስገባቴ በፊት አንድ ሙሉ ቀን አቆየሁት።