ንዝረትን በኳንተም ደረጃ በሱፐርኮንዳክቲንግ (ኤሌክትሪክን ያለ መቋቋም በሚያስተላልፍ) ሰርኪዩት ሲቆጣጠሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ማቀዝቀዣው 20 ሚሊኬልቪን ስላሳየ ንዝረቱ ወደ ዝቅተኛው የጉልበት ደረጃ ወርዷል ብሎ መደምደም። ቴርሞሜትሩ ብቻውን አይበቃም፣ የንዝረቱ ድግግሞሽም መታየት አለበት። የ5 ጊጋኸርዝ ፎኖን (የንዝረት ትንሹ የጉልበት እሽግ) ጉልበት ከ240 ሚሊኬልቪን ሙቀት ጋር ስለሚመጣጠን በ20 ሚሊኬልቪን ፎኖን የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ 6 ጊጋኸርዝ የሚርገበገበው ሬዞናተር (ነዛሪ አካል) በማቀዝቀዣው ብቻ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ የደረሰው ለዚህ ነው። በ10 ሜጋኸርዝ ግን ያው ቅዝቃዜ 40 ያህል ፎኖን ያስቀራል። እነሱን የሚያወጣቸው ማይክሮዌቭ ነው።

ማይክሮዌቩን በተሳሳተ ወገን ማስገባት። የማይክሮዌቩ ድግግሞሽ ከሰርኪዩቱ ድግግሞሽ በንዝረቱ ድግግሞሽ ልክ ዝቅ ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ ፎቶኑ (የማይክሮዌቩ ትንሹ የጉልበት እሽግ) ከንዝረቱ አንድ ፎኖን ወስዶ ይወጣል። በዚያው ልክ ከፍ ካለ ንዝረቱ ጉልበት ይጨመርለታል፤ ኃይሉ ሲበረታም በራሱ መወዛወዝ ይጀምራል። የሰርኪዩቱ የድግግሞሽ ስፋት ደግሞ ከንዝረቱ ድግግሞሽ በጣም መጥበብ አለበት፣ አለዚያ ማቀዝቀዙና ማሞቁ አብረው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኮሎራዶ ቦልደር የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች 15 ማይክሮሜትር ስፋት ባለው የአሉሚኒየም ከበሮ ላይ ሲሠሩ ንዝረቱ 10.56 ሜጋኸርዝ፣ የሰርኪዩቱ ስፋት 0.2 ሜጋኸርዝ ገደማ ነበር። የቀረው በአማካይ 0.34 ፎኖን ነው።

ቅዝቃዜው ሲቆም ኃይል ብቻ መጨመር። አንድ ደረጃ ላይ ከተደረሰ በኋላ የፎኖኑ ቁጥር መልሶ ይወጣል፣ ምክንያቱም የማይክሮዌቭ ጄነሬተሩ የራሱ ኖይዝ (ያልተፈለገ ሲግናል) የሰርኪዩቱ ድግግሞሽ ላይ ያርፋል። ጄነሬተሩን በጠባብ ፊልተር አሳልፈው ኃይሉን ሳይለውጡ እንደገና ይለኩ፤ ቁጥሩ ከወረደ ጥፋቱ የጄነሬተሩ ነበር።

አቴኑዌተሮችን (ሲግናልን የሚያዳክሙ ክፍሎችን) አንድ ቦታ መደርደር። ከክፍሉ ሙቀት በኬብሉ የሚወርደው ኖይዝ በ5 ጊጋኸርዝ 1,250 ፎቶን ያህል ነው። 60 ዲሲቤል አቴኑዌተር ሚሊዮን ጊዜ ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ሁሉም 4 ኬልቪን ላይ ከተቀመጠ አቴኑዌተሩ ራሱ 16 ያህል ፎቶን ወደ ታች ይልካል። ስለዚህ 20 ዲሲቤል 4 ኬልቪን ላይ፣ 20 ዲሲቤል 100 ሚሊኬልቪን ላይ፣ 20 ዲሲቤል በመጨረሻው የቀዝቃዛ ሳህን ላይ ይሁን፤ ቺፑ ጋ የሚደርሰው ከ0.01 ፎቶን በታች ይሆናል። በመውጫው መስመር ግን ደካማውን ሲግናል ስለሚያጠፋ አቴኑዌተር አይገባም፣ አይሶሌተር (ሲግናልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ይገባል።

ኪዩቢቱን (የኳንተም መረጃ የሚይዘውን ሰርኪዩት) በፒዞኤሌክትሪክ ቁስ ላይ መሥራት። እንዲህ ያለ ቁስ የኪዩቢቱን ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ ሞገድ ስለሚለውጥ ጉልበቱ በየአቅጣጫው ያመልጣል። ፒዞኤሌክትሪክ የሆነው አሉሚኒየም ናይትራይድ ኪዩቢቱ ከንዝረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ብቻ ይቅር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በዬል ዩኒቨርሲቲ በሰንፔር ላይ የተደረገው ይህ ነው። ፒዞኤሌክትሪኩ ቁስ ሊቲየም ናዮቤት ከሆነ ኪዩቢቱን በሌላ የሰንፔር ቺፕ ላይ ሠርቶ ሁለቱን ፊት ለፊት መግጠም ይሻላል።

የፎኖን ቁጥርን ያለ መለኪያ ማወጅ። ሳህኑን ከ20 እስከ 200 ሚሊኬልቪን ደረጃ በደረጃ ያሙቁ፣ በየደረጃው እስኪረጋ ይጠብቁ፣ በጣም ደካማ ማይክሮዌቭ ተጠቅመው በሲግናሉ ግራፍ ላይ ከንዝረቱ ጫፍ ሥር ያለውን ስፋት (ወርዱን ሳይሆን ኤሪያውን) ይመዝግቡ። ለ10 ሜጋኸርዝ ንዝረት ስፋቱ ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ መስመር መጨመር አለበት። መስመሩ ከ50 ሚሊኬልቪን በታች ጠፍጣፋ ከሆነ ቴርሞሜትሩ 20 ቢልም ንዝረቱ 50 ላይ ነው፤ የቺፑን የመዳብ መያዣና የኬብሎቹን ግንኙነት ፈትሹ።