ጂሜይል 5.7.25 ብሎ ሲመልስ፦ የሪቨርስ ዲኤንኤስ ችግርና መፍትሄ

የራሳችሁ የኢሜይል ሰርቨር ተነስቷል። ከውጭ የሚላክላችሁ ኢሜይል ይገባል። እናንተ ወደ ጂሜይል ስትልኩ ግን ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። የመለሰበት እንግሊዝኛ ረጅም ነው። እሱን ተዉትና 550 5.7.25 የሚል ቁጥር እንዳለበት እዩ። ካለ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ጂሜይሎች አይፒያችሁን (የሰርቨሩን የኢንተርኔት ቁጥር) ይዘው ስም ሲፈልጉ (ሪቨርስ ዲኤንኤስ የሚባለው ይሄ ነው) ወይ ስም አጥተዋል፣ ወይ ያገኙት ስም ወደዚያው አይፒ አልመለሳቸውም።

የግቢ ዘበኛ አስቡ። በር ስታንኳኩ «ማን ልበል?» ይላል። እናንተም ስማችሁን ትናገራላችሁ። ይሄኛው ዘበኛ ግን በአፍ አያምንም። አይፒያችሁን አይቶ የማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱ ያለው ከአይፒ ወደ ስም በሚወስደው መዝገብ፣ ፒቲአር ሬከርድ ላይ ነው። ከዚያ ያገኘውን ስም ይዞ ስሙን ወደ አይፒ የሚወስደውን ኤ ሬከርድ ያያል። ሁለቱ ካልገጠሙ በሩ አይከፈትም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ይህን ከማንኛውም ላኪ ይጠይቃል፤ በቀን አምስት ኢሜይል የሚልክ ትንሽ ቢሮም አይቀርለትም።

ምልክት፦ ፒቲአሩን ሞልቻለሁ፣ ግን ማንም አያየውም

እዚህ እኔም ወድቄያለሁ። ዶሜይኑን (እንደ ምሳሌ.ኮም ያለውን ስም) የገዛሁበት ፓነል (መቆጣጠሪያ ገጽ) ገብቼ ከዝርዝሩ ፒቲአር መረጥኩና ሞላሁ። ፓነሉም ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለኝ። ከዚያ «ቲቲኤል (የቆየው መልስ የሚያዝበት ጊዜ) ነው፣ ይደርሳል» እያልኩ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ሁለት ዓመት ብጠብቅም አይደርስም ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ስም ወደ አይፒ የሚወስደው መዝገብ የእናንተ ነው፤ ዶሜይኑን ገዝታችኋላ። አይፒ ወደ ስም የሚወስደው ግን በአይፒው ባለቤት እጅ ነው። ሰርቨራችሁ 203.0.113.25 ላይ ነው እንበል። ጠያቂው ቁጥሩን ገልብጦ 25.113.0.203.ኢን-አድር.አርፓ ብሎ ይፈልጋል። እዚያ ዶሜይናችሁ የለበትም። እናንተ ተከራይ ናችሁ፤ የቤት ቁጥሩን የሚያስለጥፈው አከራዩ ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩን ወደተከራያችሁበት ድርጅት ፓነል ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርክ ወይም አይፒ በሚለው ገጽ ላይ ሪቨርስ ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለ። ሄትዝነር ላይ እዚያው ትጽፉታላችሁ። ዲጂታል ኦሽን ላይ የሚሞላ ቦታ ፈልጋችሁ አትድከሙ። የድሮፕሌቱን (ሰርቨሩን እንዲህ ነው የሚሉት) ስም ሙሉውን ሜይል.ምሳሌ.ኮም ብላችሁ ስትቀይሩት ፒቲአሩ ከስሙ ይሠራል። አማዞን ላይ መጀመሪያ ኢላስቲክ አይፒ የሚባል ቋሚ አይፒ ያስፈልጋል፤ ኢሜይል የሚወጣበት ፖርት 25ም ካልጠየቃችሁ ዝግ ነው።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ። ኤ ሬከርዱ ይቅደም፣ ፒቲአሩ ይከተል። አንዳንዱ ፓነል ስሙ ወደ አይፒው እንደሚወስድ ካላየ አልቀበልም ይላል።

ለመፈተሽ ዲግ የሚባለው ትዕዛዝ በቂ ነው። መጀመሪያ በማይነስ ኤክስ አይፒውን ጠይቁ፣ ከዚያ የመለሰላችሁን ስም መልሳችሁ ጠይቁ። በተነሳችሁበት አይፒ ላይ ከተገኛችሁ አለቀ። ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ በፒንግ አትፈትሹ። ፒንግ ስምና አይፒ የተጻፈበትን የሰርቨሩን የራሱን ሆስትስ ፋይል ስለሚያነብ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይሸውዳችኋል።

ምልክት፦ ፒቲአሩ ይታያል፣ ጂሜይል ግን አሁንም እምቢ ይላል

የዶሜይናችሁን መዝገብ ክላውድፍሌር ላይ የምታስተዳድሩ ከሆነ የሜይል ሰርቨሩ ስም አጠገብ ያለችውን ደመና እዩ። ብርቱካናማ ከሆነች ስማችሁ የሚወስደው ወደ ክላውድፍሌር አይፒ ነው እንጂ ወደ እናንተ አይደለም። ግራጫ አድርጓት። በቃ።

ምልክት፦ አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ይመለሳል

ይሄ ሰው ያሳብዳል። ጠዋት የሠራው ከሰዓት እምቢ ይላል፣ ማንም ምንም ሳይነካ። የተመለሰውን መልእክት እንደገና አንብቡት። ጂሜይል ያልተቀበለውን አይፒ ቅንፍ ውስጥ ይጽፈዋል። በኮሎን የተለያየ ረጅም አድራሻ ካያችሁ ኢሜይሉ የወጣው በአዲሱ የአይፒ ዓይነት፣ በአይፒቪ6 ነው። ፒቲአር ያስገባችሁት ደግሞ ለአይፒቪ4 (በነጥብ ለሚለየው ለቀድሞው ዓይነት) ብቻ ነበር። ሰርቨሩ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በር ይወጣል።

ትክክለኛው መፍትሄ ለአይፒቪ6ቱም ፒቲአርና ኳድ ኤ ሬከርድ (የአይፒቪ6 ኤ ሬከርድ) ማስገባት ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ፖስትፊክስ (ሰርቨሩ ላይ ኢሜይል የሚልከው ፕሮግራም) ላይ ኢኔት ፕሮቶኮልስ የሚለውን አይፒቪ4 ብቻ አድርጉት። ሪሎድ አይበቃውም፤ አጥፍታችሁ አስነሱት።

ምልክት፦ አይመለስም፣ ኪው (ወረፋ) ውስጥ ይከማቻል

ሎጉ (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ 450 ካለና ስምህን አላገኘሁትም የሚል ነገር ከተከተለው በሽታው ያው ነው፤ የተቀባዩ ሰርቨር ብቻ ለስለስ ያለ ነው። «ቆይተህ ተመለስ» እያላችሁ ነው። ፖስትፊክስ ካልነካችሁት 5 ቀን ይሞክርና ተስፋ ቆርጦ ለላኪው ይመልሰዋል። በእነዚያ ቀናት ካስተካከላችሁ ኪውውን ፍለሽ ስታደርጉት (አሁኑኑ ላክ ስትሉት) የተከማቸው ሁሉ ይወጣል።

አንድ ሰርቨር ላይ አምስት ዶሜይን ያላቸው ሰዎች «ለእያንዳንዱ ፒቲአር ላስገባ?» ይሉኛል። የለም፣ አንድ አይፒ አንድ ፒቲአር። ስሙ ከላኪው ዶሜይን ጋር መመሳሰሉ ግዴታ አይደለም፤ ሰርቨሩ ሄሎ ሲል ከሚጠራው ስም ጋር ግን አንድ አድርጉት። አቅራቢው ራሱ የሰጠው በቁጥር የተሞላ ስም ካለም ቀይሩት። እንዲህ ያለውን ስም አንዳንድ ሰርቨር የቤት ኢንተርኔት ነው ብሎ ይጠረጥረዋል።

ሰርቨሩ ቢሯችሁ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፒቲአሩ ያለው በኢንተርኔት አቅራቢያችሁ እጅ ነው። ቋሚ አይፒ ከሌላችሁ አትጠይቁ፣ ሪሌይ ተጠቀሙ (በሌላ ድርጅት ሰርቨር በኩል ላኩ)። ካላችሁ ግን ስትጽፉላቸው ታሪክ አታብዙ፦ «ለ203.0.113.25 ፒቲአሩ ሜይል.ምሳሌ.ኮም ይሁንልን፤ ኤ ሬከርዱ ተስተካክሏል።» የሄደበትን ቀንና የቲኬቱን ቁጥር ያዙ፤ መደወላችሁ አይቀርም።